ንጹሕ ሰው ማሰር ለሚሹ ተማሪዎች

የወንጀል ፍትሕ ለመማር የተመዘገባችሁ ወጣቶች፣ ዲግሪ ይዛችሁ ንጹሕ ሰው ማሰር ከፈለጋችሁ መንገዱ ይኸው። ምክሩ የተገለበጠ ነውና ገልብጣችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ሰውየውን ያዙ፣ ማስረጃው በኋላ ይደርሳል። ወንጀሉ የተፈጸመበትን ቦታ ማጠር፣ ፎቶ ማንሳት፣ አሻራ መፈለግ ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ሕዝቡ ይርገጠው። ሰፈሩ «እሱ ነው» ካለ ይበቃል። ድሮ ሌባሻይ የሚባል ሥርዓት ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ወገቡ ታስሮ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ደርሶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሥርዓቱ ከቀረ ዘመን አልፎታል። ተጠርጣሪ አስቀድሞ መርጦ ማስረጃ የሚፈልግለት መርማሪ ግን ዛሬም የሚሠራው ያንኑ ነው።

ሕገ መንግሥቱን ለፈተና ብቻ አጥኑት። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት አንቀጽ 19 ይደነግጋል። ይህን በፈተና ወረቀት ላይ በደንብ ጻፉና ሥራ ስትጀምሩ ሰው የምትይዙት ዓርብ ማታ ይሁን። ችሎት ስትቀርቡም «ምርመራዬን አልጨረስኩም፣ ግብረ አበሮቹ አልተያዙም፣ የምስክር ቃል ይቀረኛል» ብላችሁ ጊዜ ቀጠሮ ጠይቁ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 59 አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን አልወሰነም። በሚቀጥለው ቀጠሮም ያንኑ ምክንያት ድገሙት። ዳኛው «ባለፈው 14 ቀን ምን ሠራችሁ?» ብለው እንዳይጠይቁ ብቻ ጸልዩ።

14 ቀን በመዝገብ ላይ ትንሽ ይመስላል። የቀን ሠራተኛ ሲታሰር ግን ሥራው በማግሥቱ ለሌላ ይሰጣል፣ የቤት ኪራይ ይደርሳል፣ ሚስቱ ስንቅ ለማመላለስ ከራሷ ሥራ ትቀራለች፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት «አባታችሁ ሌባ ነው» ይባላሉ። በመጨረሻ «ማስረጃ አልተገኘም» ተብሎ ሲለቀቅ ያጣውን ማን ይመልስለታል? ይህን ሒሳብ የማያስተምር የወንጀል ፍትሕ ትምህርት ጎደሎ ነው።

ከዚያ የያዛችሁት ሰው ወንጀሉን እንዲያምን አድርጉት። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ያው አንቀጽ 19 ይናገራል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ደግሞ ተመርማሪን በዛቻ ወይም በድብደባ ያናገረውን ባለሥልጣን ራሱን ያስቀጣል። እናንተ ግን «ንጹሕ ከሆነ ለምን አመነ?» እያላችሁ ተጽናኑ። የኒውዮርክን ሴንትራል ፓርክ ጉዳይም አታንብቡ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው አምስት ልጆች በወንጀል ተጠርጥረው ተያዙ፤ ከረጅም ሰዓት ምርመራ በኋላ አራቱ ካሜራ ፊት አመኑ፤ አምስቱም ተፈረደባቸው። በ2002 ግን ሌላ እስረኛ ወንጀሉን የፈጸምኩት እኔ ነኝ አለ፤ የዲኤንኤ ምርመራውም አረጋገጠ፤ ፍርዱም ተሰረዘ። የልጆቹን ዕድሜ ግን ማንም አልመለሰላቸውም።

እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር ምስክር ካገኛችሁ ሌላ ምንም አትፈልጉ። በዚያው በአሜሪካ፣ በኖርዝ ካሮላይና፣ ጥቃት የደረሰባት ተማሪ የአጥቂውን ፊት ሆን ብላ አጥንታ ነበር፤ «እሱ ነው» ስትልም ከልቧ ነበር። የጠቆመችው ሮናልድ ኮተን ከ10 ዓመት በላይ ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1995 በዲኤንኤ ነጻ ወጣ። ሴትዮዋ አልዋሸችም፤ ሰው የማስታወስ ችሎታው ያታልለዋል። ለዚህ ነው የምስክር ሥነ ልቦና ከሕግ አንቀጽ እኩል መጠናት ያለበት።

ጠበቃን እንደ ጠላት እዩት፤ ተጠርጣሪውንም ክስ ሳይመሠረት በቴሌቪዥን «ወንጀለኛው ተያዘ» አስብሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ቢልም፣ ጎረቤቱ ያን ማታ ያየውን አይረሳም።

እናንተ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁ ቢያንስ አንድ ቀን ጊዜ ቀጠሮ ችሎት ገብተው ይቀመጡ፤ አንድ ቀን ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ስንቅ ይዘው ከሚጠብቁ ቤተሰቦች ጋር ይዋሉ። ዲግሪያቸውን ከዚያ በኋላ ስጧቸው።