ንገራት እንጂ!

ቱርኮች ፍቅርን በዓይን ብቻ ሰዓታት ማስኬድ ይችሉበታል። ይህን ያወቅነው ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ቡራዩ፣ ከታ አካባቢ ያለን ተከራዮች ዜና ሰምተን ነበር የምንተኛው። ከዚያ በኋላ ግን ሁላችንም ማታ ማታ ዱካችንን አንጠልጥለን ወደ አከራያችን ወደ እማማ ሳሎን መግባት ሆነ።

«ኩዚ ጉኒ» የተባለውን ድራማቸውን ያየ ያውቀዋል። ኩዚ የወንድሙን ጥፋት ተሸክሞ ይታሰራል። ወንድማማቾቹ ሁለቱም የሚወዱት አንዷን የጎረቤት ልጅ፣ ጀምሬን ነው። ኩዚ ግን መናገር የለም፤ ጥርሱን ነክሶ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ድራማው በአገሩ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 ድረስ 80 ክፍል ታይቷል። የቱርክ ድራማ አንዱ ክፍል እዚያው አገሩ ላይ ወደ 2 ሰዓት ይጠጋል፤ የሚቆራረጠው ለውጭ ሲሸጥ ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ሰዓት በምን ይሙሉት? በዝምታ ነዋ! ካሜራው የእሱን ፊት ያሳያል፣ የእሷን ፊት ያሳያል፣ ባሕሩን ያሳያል፣ ተመልሶ እሱ ላይ ይተከላል። በአማርኛ ድምፅ የሚሰጡት ልጆቻችን በዚህ መሐል ማኪያቶ ጠጥተው የሚመለሱ ይመስለኛል። በእኛው «ሰው ለሰው» ድራማ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ቢሆን ኖሮ ነገሩን በአንድ ክፍል ይጨርሰው ነበር። እንዴት አድርጎ እንደሚጨርሰው ግን አትጠይቁኝ።

እኛ ሳሎን ውስጥ ይህን ዝምታ ዝም ብሎ የሚያይ አልነበረም። እማማ ረከቦቱን ገፋ አድርገው «አንተ ልጅ፣ አፍህን ሰፍተውታል?» ይሉታል ኩዚን። ከሁሉ አብልጦ የሚጮኸው ግን የጥጓን ክፍል የተከራየው ኤሌክትሪሻን ነው።

«ንገራት እንጂ! ምን ይዞህ ነው?»

ይህን ሲል ከጎኑ ማን እንደተቀመጠች ልንገራችሁ፦ የግቢያችን ነርስ። ግድግዳ የሚያስደግፈውን ቦታ ሁልጊዜ ቀድሞ ይይዝላታል። ቆሎው ከእሷ በፊት ለእማማ እንኳ አይደርስም። ስልኳ ከጮኸ ኩዚንም ጀምሬንም ትቶ የሚያየው የእሷን ፊት ነው። ይህን በግቢው ያላወቀ የለም፤ ከሁለቱ በቀር።

የልባቸውን ያወጡበት ጊዜ ቢኖር ዲሹ የተበላሸ ቀን ነው። ከገፈርሳ በኩል የሚመጣው ነፋስ አዙሮት፣ ልጁ ጣራ ላይ ወጣ፤ እሷ ሪሞት ይዛ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ልብስ አጥብ ነበር።

«መጣ?»

«አልመጣም።»

«አሁንስ?»

«መጣ፣ መጣ! ... ውይ፣ ሄደ።»

«እኔ እኮ አልነካሁትም!»

«ቅድም የነበርክበት ተመለስ። አዎ። በቃ እዚያው ሁን፣ እንዳትነቃነቅ!»

መንገደኛው ሁሉ ስለ ሳተላይት የሚያወሩ መስሎት አለፈ። ልጁ ግን የታዘዘውን አክብሮ ይኸው እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም።

ቻናሎቻችን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩም ጣራ ላይ የወጣው እሱ ነው። «ኩዚ ጉኒ» ካለቀ ዓመታት አለፉ። ቡራዩ እንኳ ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልላለች። እነሱ ግን ያው ናቸው፤ እሷ «ወንድሜ» ትለዋለች፣ እሱ «እህቴ» ይላታል፣ ሁለቱም ይህን ሲሉ መሬት መሬት ያያሉ።

አንዴማ ለእሷ ከሌላ ወገን ሽማግሌ ሊላክ ነው የሚል ወሬ ግቢው ገባ። ልጁ ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ጣራ ላይ ዋለ። ቴሌቪዥኑ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር እኮ! እማማ ከታች ሆነው «ምን ጎድሎብህ ነው?» ቢሉት «ከወዲሁ ላጠባብቀው ብዬ ነው» አለ። ማታ ነርሷ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ትምህርቷን ሳትጨርስ ስለ ትዳር እንደማታስብ ለሁላችንም ተናገረች። ያየችው ግን እሱን ነበር። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጎበዝ፣ ትምህርት ይሻላል።» እማማ ጀበናውን አንስተው ሊወረውሩት ምንም አልቀራቸው።

በቱርክ ድራማ ቢሆን ቢያንስ ሙዚቃ ይኖር ነበር። እኛ ያለችን የጎረቤት ወፍጮ ናት።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አንደበታቸው የተፈታ ሦስት ሽማግሌዎች የምታውቁ ከሆነ ወደ ከታ ላኩልን። ከአስኮ ታክሲ አለ፤ ሒሳቡን እኛ ተከራዮቹ አዋጥተን እንችላለን። ቡናውን እማማ ቆልተው ጨርሰዋል።