ስለ አንድ ገብስማ አውራ ዶሮ ጩኸት ከደጎሎ የወጣ የቤት አዋጅ

ሞአ ዶርሆ ዘእምነገደ ቆጥ።

እኛ፣ በከላላ ወረዳ በደጎሎ ከተማ የአንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ሥዩም አባወራ፣ የአራት ቄብ ዶሮና የአንዲት ድመት ጠባቂ፣ ለመላው ቤተ ሰባችን፣ ለግራና ለቀኝ ጎረቤቶቻችን፣ በቆጥ ላይም ከቆጥ በታችም ለምታድሩ ሁሉ ሰላም ለክሙ እንላለን። የሰማህ ላልሰማ አሰማ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የዶሮ ዋጋ እንደሚወርድ፣ ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ ሰማይ እንደሚወጣ ማንም ባለ ትዳር የሚያውቀው ስለ ሆነ፣ እኛም የቤታችንን ሀብት በጥበብ ለማስተዳደር በማሰብ፣ በቅበላ ማግስት አንድ አንገተ ረዥም ገብስማ በርካሽ ገዝተን ለትንሣኤ በዓል እንዲደርስ አኖርነው። ጾሙ 55 ቀን መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል፤ 55 ሌሊትም ጭምር መሆኑን ያስተማረን ግን ይህ ፍጡር ነው።

የአገራችን ብርድ የታወቀ፣ የሸለምጥማጥም ተንኰል ያልተሰወረ በመሆኑ፣ ዶሮን ከደጅ ማሳደር ለአውሬ መገበር ነውና ቆጡ የተሠራው በቤት ውስጥ፣ ከአልጋችን ራስጌ በላይ ነው። ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ይህ ገብስማ ክንፉን ሁለት ጊዜ በጐኑ ያማታል፤ ጥቂት ዝም ይላል፤ ያች ዝምታ ከጩኸቱ ትከፋለች፤ ከዚያ በኋላ አንገቱን ሲሰብቅ ድምፁ ቆርቆሮውን መትቶ በእጥፍ ይመለስብናል።

ስለዚህ በቅድሚያ ወደ ሕግ ተመለከትን። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1225፣ ባለ ሀብት የሆነ ሰው በጢስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታና በጩኸት ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ነገር ግን ባለ ሀብቱ በገዛ ሀብቱ በታወከ ጊዜ ወዴት አቤት እንደሚል ሕጉ ስላልደነገገ፣ ከሳሽም ተከሳሽም እኛው ሆነን ቀረን። የባሕር ማዶውን ፍርድ ብንመረምር ደግሞ የባሰ አገኘን፤ በፈረንሳይ በኦሌሮን ደሴት ሞሪስ የተባለ አውራ ዶሮ ጎረቤት ከሶት፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የሮሽፎር ፍርድ ቤት ለዶሮው ፈርዶ፣ ለባለቤቱ 1,000 ዩሮ ካሳ እንዲከፈላት አዟል። የዚያው አገር ምክር ቤትም በጥር 2013 ዓ.ም. የገጠርን ድምፅና ሽታ እንደ ቅርስ የሚጠብቅ ሕግ አጽድቋል። እኛ በአልጋችን ላይ ቅርስ ተጭኖብን ኖሯል።

ፍርድ ከታጣ ዘንድ በሥልጣናችን ተጠቅመን፣ ጎሕ ሲቀድ እንዳያይ ቆጡን በጆንያ እንዲጋረድ አዘዝን። እርሱ ግን በጨለማው ውስጥ ሰዓቱን ሳያዛንፍ ጮኸ። የጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2005 ዓ.ም. እንዳስረዱት ለካ አውራ ዶሮ የንጋትን ብርሃን አይቶ ሳይሆን በሥጋው ውስጥ በተፈጠረለት ሰዓት ነው የሚጮኸው፤ ብዙ አውራዎች በአንድነት ባሉበትም የመጀመሪያውን ጩኸት የሚጮኸው በማዕርግ የሚበልጠው ነው። በቤታችን ሌላ አውራ ባለመኖሩ (ስለ ራሳችን ለጊዜው አንናገርም) ማዕርጉን የሚቀናቀነው አልተገኘም። ዳግመኛም አንገቱን እንዳይሰብቅ ቆጡን ከወራጁ ጋር አስጠግተን ብንሠራው፣ በሌሊት ወርዶ አክንባሎው ላይ ቆሞ ጮኸ።

ደግ ጎረቤታችን ሼህ፣ አቤቱታችንን ሰምተው፣ «አብሽር ወንድሜ፣ ዶሮ ሲጮኽ መልአክ አይቶ ነው፤ ያን ጊዜ ተነሥቶ አላህን ከችሮታው መለመን ነው» አሉን። እንዲያ ከሆነማ ይውሰዱት ብለን ከነነፍሱ ልንሰጣቸው አሰብን፤ ነገር ግን በእርሳቸውና በእኛ መካከል ያለው አንዲት የጭራሮ አጥር ብቻ በመሆኗ ስጦታው ለነፍሳችን እንጂ ለጆሯችን አይረባም።

በዚህም ምክንያት፣ በዋዜማው ቀን ታርዶ በአሥራ ሁለት ብልት ይከፋፈል ዘንድ ልንፈርድ ብዕራችንን ካነሣን በኋላ፣ በጸሎተ ሐሙስ የሚነበበው መጽሐፈ ዶርሆ ትዝ ቢለን እጃችን ተያዘ። በዚያ መጽሐፍ የተሠራው ዶሮ ከገበታ ላይ በጌታ ቃል ተነሥቶ ይሁዳን እንዲከተል፣ የሚዶልተውንም አይቶ እንዲመለስ ተልኳልና፣ ድስት እንኳ ለዚህ ወገን የመጨረሻ ዳኛ አለመሆኑን ተረዳን። ደግሞም ጴጥሮስን ያስለቀሰ ዘር በእኛ ቁጣ ይደነግጣል ማለት ዘበት ነው።

ቢሆንም ፍርዱ ተጽፎ ለባለቤታችን ቀረበላት። እርሷም ከቄቦቹ አንዲቱ ገብስማው ከመጣ ወዲህ የጣለችውን እንቁላል መታቀፏን አመልክታ፣ «እሱስ በሌሊት ሦስት ጊዜ ነው የሚጮኸው፤ አንተ እስኪነጋ ስታንኮራፋ ማን አወጀብህ?» የሚል ቃል በኅዳጉ ላይ አስጨመረች።

ማኅተሙ ከጓዳው ቁልፍ ጋር በመቀነቷ የታሰረ ስለ ሆነ፣ ይህ አዋጅ ታትሞ እስኪጸና ድረስ ገብስማው በቀድሞ ሥልጣኑ ይቆያል፤ ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ወንዱ ከሴቱ እስኪለይም ድረስ ማንም ቢላዋ እንዳያነሣበት ተከልክሏል፤ አባወራውም ከዛሬ ጀምሮ ከምድጃው ባሻገር ባለው መደብ ላይ እንዲያድር ተወስኗል።

በዐቢይ ጾም፣ በደብረ ዘይት ሳምንት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ደጎሎ ተጻፈ።