ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው የቀረው!

ሐበሻ ፊት «ሜክሲኮ ልሄድ ነው» ማለት በገዛ አፍ ለተረብ እጅ መስጠት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና የምንጠጣበት ቤት ወሬውን ጣል ባደርግ፣ አንዱ ቃሌን ሳልጨርስ «የምትሳፈረው ከሳሪስ ነው ከቦሌ?» አለኝ። ሌላው ከአፉ ነጠቀው፦ «የምን ታክሲ! ባቡሩ አለልህ፤ ጣቢያው እዚያው አደባባዩ ላይ ነው።» ሦስተኛው በጣም አዝኖልኝ «ዝርዝር ያዝ፤ ረዳቱ መልስ የለኝም ይልሃል» ብሎ መከረኝ።

«እናንተ የሜክሲኮን የታክሲ ሰልፍ ሸሽታችሁ ነው አሜሪካ የገባችሁት፤ ስሙን ስትሰሙ ብትባንኑ አልፈርድባችሁም» አልኳቸው።

የአዲስ አበባው አደባባይ በዚያ ስም የተጠራው በከንቱ አይደለም። ጣሊያን ኢትዮጵያን «የኔ ናት» ብሎ ሲያውጅ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። ጃንሆይም በ1954 (እ.ኤ.አ.) ሄደው ጎብኝተዋታል። ሜክሲኮ ሲቲም በበኩሏ በምድር ውስጥ ባቡሯ 3ኛ መስመር ላይ «ኢትዮጵያ» የሚባል ጣቢያ አላት፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ይህን ባስረዳቸው ያ የመጀመሪያው ልጅ «እንግዲያው አዲስ አበባ ተሳፍረህ ሜክሲኮ ትወርዳለህ፣ ሜክሲኮ ተሳፍረህ ኢትዮጵያ ትወርዳለህ፤ ለአውሮፕላን ምን አስወጣህ?» አለ። ይህችን ዝም ብዬ አሳለፍኩለት። ጥሩ ናት።

የባሰው የመጣው ከተማውን ስናገር ነው።

«ካንኩን ነው?»

«አይደለም። ሌዎን።»

«ባሕር አለው?»

«የለውም።»

«ፒራሚድ?»

«እሱም የለውም።»

«ታዲያ ምን አለው?»

«ጫማ።»

ሁለተኛው ጀበና እስኪቀርብ ሳቁ አላባራም። «ይኸ ሰው» አለ አንዱ ወደ እግሬ እያየ፣ «ጫማው ከመከፈቱ የተነሳ ተረከዙ ሜሪላንድ፣ አፍንጫው ቨርጂኒያ ነው የሚያድረው።»

«ለዚህ ነዋ የምሄደው! ያንተንም ፊት የሚጠግን ከተማ ብሰማ አብረን እንሄድ ነበር።»

ሌዎን በመካከለኛው ሜክሲኮ፣ በጓናጁዋቶ ግዛት፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ በ1576 የተቆረቆረች የቆዳና የጫማ ከተማ ናት። አገሪቱ ከምትሠራው ጫማ ትልቁ ድርሻ የሚወጣው ከዚሁ ግዛት ነው። ቆዳ አልፊው፣ ሶል ቆራጩ፣ ሰፊው፣ ክርና ማጣበቂያ ሻጩ ሁሉ እዚያው ተጠጋግቶ ይኖራል። የከተማዋ መፈክር እንኳ «ሥራ ሁሉን ያሸንፋል» የሚል ነው።

«ዕረፍት ወጥተህ ሥራ ልታይ ነው?» አለኝ ኡበር የሚነዳው ወዳጃችን።

«ሰው ሲሠራ ቁጭ ብሎ እንደማየት ያለ ምን ዕረፍት አለ?»

ቀልድ ይምሰል እንጂ አምኜበት ነው ያልኩት። ከቱሪስት ኪስ የምትኖር ከተማ እንግዳ ሲመጣ ፈገግታዋን አስተካክላ፣ ዋጋዋንም አስተካክላ ትጠብቃለች። ሌዎን ግን እኔ መጣሁ ቀረሁ ጉዳይዋ አይደለም፤ ጠዋት ፋብሪካ ትገባለች፣ ማታ ትወጣለች፣ በመሀል ከሱቋ ጎራ ካልኩ ትሸጥልኛለች። እኔን ሊያስደስት ኮፍያ ደፍቶ ጊታር የሚመታ ከሌለበት ቦታ ነው ሰው እንዴት እንደሚኖር የሚታየው። ጊታሩን የፈለገ ደግሞ ግዛቱ የተሰየመባት ጓናጁዋቶ ከተማ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት አካባቢ ብትርቅ ነው፤ የዲዬጎ ሪቬራ የትውልድ ቤት፣ በከተማው ሥር የሚያልፉ የመኪና ዋሻዎች፣ የደረቁ ሬሳዎች ሙዚየም፣ ሁሉም እዚያ አለ።

«ሬሳ?» አሉ ቡናውን የሚያፈሉልን እትዬ፣ ሲኒውን አስቀምጠው። «በሰኔ ወር፣ በጾም፣ ሬሳ ልታይ?»

እትዬ ወደ ክርክሩ ከገቡ እኛ ተመልካች ነን። መጀመሪያ የጠየቁኝ ቀኑን ነው። ጁን 8 እንደምነሳ ስነግራቸው ከግድግዳው ላይ የቤተ ክርስቲያኑን የቀን መቁጠሪያ አወረዱ። ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ ሰኔ 1 የሚውለው ሰኞ ነው።

«ሰኔና ሰኞ ሲገጥም ሰው ከደጁ አይርቅም፤ አንተ ከአገር ልትወጣ?»

«እትዬ፣ ሌዎን ውስጥ እኮ ሰኔ የሚባል ወር የለም።»

«ሰኞስ?»

«ሰኞ… አለ።»

«በቃ፣ ግማሹ ይበቃሃል።»

የሰማዩ ነገር ግን ከእትዬ ጋር ነው። እዚያ ሙቀቱ የሚከረው በግንቦት ነው፤ በሰኔ ዝናቡ ይገባና እስከ መስከረም ይዘልቃል። ክረምትን ሸሽቼ በጋ እገባለሁ የሚል ካለ፣ የሰኔ ሌዎን ለሐበሻ የታወቀች ጠባይ ናት፦ ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ፣ ከምሳ በኋላ የሚከማች ደመና፣ ከዚያ ጉርምርምታና ዶፍ። እንዲያውም በ1888 (እ.ኤ.አ.) ጁን 18 ወንዙ ሞልቶ ከተማዋን ጠርጎ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠር የጭቃ ቤት ፈርሷል፣ ብዙ ሰው አልቋል። ስለዚህ ዕቅዴ ቀላል ነው። ጠዋት በእግር፤ አናቱ ላይ አንበሳ የቆመበትን የካልሳዳን ቅስት፣ በ1921 የተጀመረውን ኤክስፒያቶሪዮ ቤተ ክርስቲያን ማየት። ከሰዓት ጣሪያ ያለበት፣ ማለትም ጫማ ተራ።

«አንበሳ ለማየት 6 ኪሎ ምን አነሰህ?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

«የ6 ኪሎው ተኝቶ ነው የሚታየው። ይኸኛው ነሐስ ስለሆነ ቢያንስ ቆሟል።»

ቪዛው ያን ያህል አያደክምም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለሜክሲኮ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ግን ካርዱንና ፓስፖርቱን አሳይቶ ይገባል። አውሮፕላኑ በሂዩስተን ወይም በዳላስ በኩል ነው፤ የሚያርፈውም ሲላዎ የምትባል ጎረቤት ከተማ ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ ኦፕቲቡስ አለ፤ የራሱ መንገድ ያለው ረጅም አውቶቡስ ነው። ከ2003 ጀምሮ ይሠራል፣ በሜክሲኮም የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ነው። የሌዎን ሰው ግን በመሀሉ እየተጣጠፈ ሲዞር አይቶ አባ ጨጓሬ አድርጎታል፤ በነሱ አፍ ኦሩጋ።

«አውቶቡስ ልትሳፈር በአውሮፕላን?» አለ ባለ ኡበሩ።

«ለመውረድ ሾፌሩ የማይለመንበት መኪና ናፍቆኝ ነው።»

ኳስ ወዳዱ ግን ይቅር ሊለኝ አልቻለም። «የዓለም ዋንጫ ጁን 11 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ይከፈታል፤ ጓዳላሃራም ሞንቴሬይም ይጫወታሉ፤ አንተ አንድም ጨዋታ የሌለበትን ከተማ አጣርተህ መረጥክ?»

«ትኬት ይዘሃል?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው እንዳንተ ከስታዲየም አጥር ሥር ቆሜ የሰው ጩኸት ከምቆጥር፣ አልጋው የዋንጫ ዋጋ በማይጠየቅበት ከተማ ቁጭ ብዬ በቴሌቪዥን አየዋለሁ።» ደግሞስ ሌዎን ለዋንጫ እንግዳ አይደለችም። በ1970ም በ1986ም አስተናግዳለች። በ1970ው ሩብ ፍጻሜ እንግሊዝ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 0 ስትመራ ቆይታ፣ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 የተሸነፈችው እዚያው ሌዎን ስታዲየም ላይ ነው። ይህን ስነግረው ዓይኑ በራ።

«2 ለ 0 እየመሩ መሸነፍን ያንተ ቡድን የፈጠረው መስሎህ ነበር?» አልኩት። ዓይኑ ጠፋ።

የምግቡ ነገር ከሁሉ ይከብዳል፤ ጊዜው የሰኔ ጾም ነውና። ጾመ ሐዋርያት ከጰራቅሊጦስ ማግስት ገብቶ እስከ ሐምሌ 5 ይዘልቃል። ሌዎን ደግሞ የምትመካበት ምግብ ጓካማያ ነው፦ የተሰነጠቀ ዳቦ ውስጥ ተጠብሶ ኩርሽም የሚል የአሳማ ቆዳ፣ በላዩ ቲማቲምና ሚጥሚጣን የሚያስንቅ ቃሪያ፣ በላዩ ሎሚ። ለእትዬ ስገልጽላቸው «እንግዲህ በጾሙ ምክንያት ጓካማያ አልቀምስም» ብዬ ጨረስኩ።

እትዬ ቀስ ብለው ቀና አሉ። «በፍስኩ ልትቀምሰው ኖሯል?»

መልስ የለኝም፤ ረዳት ሆንኩ።

እውነቱን ለመናገር የሚበላ አይጠፋም። የበቆሎ ቶርቲያ፣ አቮካዶ፣ ባቄላ መሰሉ ቦሎቄ፣ ኖፓል የሚሉት የበለስ ቅጠል እሾሁ ተፍቆ የሚጠበስ። አንዱ «የበለስ ቅጠል? እሱማ እኛ አገር አጥር ነው» ብሎ ተሳለቀ። ትግራይን የሞላው በለስ ዘሩ ከሜክሲኮ የመጣ ነው፤ ፍሬውን ልከውልን ቅጠሉም እንደሚበላ ሳይነግሩን ቀሩ። መጠንቀቅ ያለብኝ ከተፈጨው ቦሎቄ ነው፤ ሲያዩት የጾም ሽሮ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ ማንቴካ ማለትም የአሳማ ስብ አለበት። ስለዚህ ከስፓኒሽ ሁሉ አስቀድሜ ያጠናሁት «ሲን ማንቴካ» የሚለውን ነው፤ ያለ ስብ። ለጥም ሴባዲና አለ፤ ሐምራዊ፣ ቆምጠጥ የሚል የሌዎን መጠጥ። ሻጩ ብርጭቆው ውስጥ ቢካርቦኔት ጣል ሲያደርግበት አረፋው ገንፍሎ ይወጣል፤ ሳይፈስ ቶሎ መጨለጥ ነው። ጎንበስ ብለው ካልጠጡት ሸሚዝ ይጠጣዋል።

«ሰውስ አይገድልም?» ብሎ የጠየቀኝን ግን አልተረብኩትም። ጓናጁዋቶ በቅርብ ዓመታት ሜክሲኮ ውስጥ ግድያ ከበዛባቸው ግዛቶች አንዱ ነው፤ ጸቡም በአብዛኛው የወንጀል ቡድኖች የእርስ በርስ ነው፣ ጥይት ግን አድራሻ ሊስት ይችላል። ከከተማ ከተማ በቀን ብቻ፣ በታወቀ አውቶቡስ፤ ከአየር ማረፊያ በተፈቀደ ታክሲ፤ ማታ ከመሀል ከተማ አለመውጣት። ከመነሳቴ በፊት የጉዞ ማስጠንቀቂያውን አነባለሁ፤ ከባሰ እቀራለሁ። ጫማ ለእግር እንጂ እግር ለጫማ አይሞትም።

ወደ ጫማው። ዞና ፒኤል የሚሉት ሰፈር ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ ከአውቶቡስ ወርዶ ሻንጣውን ሳይፈታ የሚሸምት አለ። ጃኬት፣ ቀበቶ፣ ቦርሳ፣ ቡትስ፤ ከሱቁ በር ጀምሮ ሽታው ቆዳ ቆዳ ይላል። መርካቶ ያደገ ሰው የሚያስተምሩት ነገር የለም፦ ሶሉ የተሰፋ ነው የተለጠፈ? ጠርዙ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል? ውስጡስ ቆዳ ነው ወይስ ካርቶን? እዚያ የሚያሳስተው ቁጥሩ ነው። የሜክሲኮ ጫማ የሚለካው በሳንቲሜትር ነው፤ አገር ቤት 42 የሚያደርግ ወንድ እዚያ 27 ገደማ ነው። 42 ስጠኝ ቢል ሻጩ መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ ፊቱን ያየዋል።

እትዬ፣ ሰኔና ሰኞን ረስተው፣ «የአዞ ቦርሳ ካገኘህ አምጣልኝ» አሉ።

«አዞው ወረቀት ያስፈልገዋል እትዬ። የዱር እንስሳ ቆዳ ያለ ፈቃድ ጉምሩክ ላይ ይወረሳል።»

«አንተ ያለ ቪዛ በምትገባበት በምትወጣበት አገር አዞው ወረቀት ይጠየቃል? ከሱ አንተ ተሻልክ?»

አሜሪካ ሲገቡ ያለ ቀረጥ የሚያልፈው የ800 ዶላር ዕቃ ነው፤ የቤተ ዘመዱ ትእዛዝ ግን ይህን ሕግ አልሰማም። አዲስ አበባ ላለችው እኅቴ «ቁጥር አትንገሪኝ፤ እግራችሁን ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ በእርሳስ ዙሩና ፎቶውን ላኪ፣ እኔ በሳንቲሜትር እለካዋለሁ፤ ርዝመቱንም ጎኑ ላይ ጻፉበት» አልኳት። በማግስቱ ሁለት እግር የተሣለበት አንድ ወረቀት መጣ። አየሁት፣ አዞርኩት፣ ደወልኩላት።

«ሁለቱም እኮ ቀኝ እግር ነው!»

«አንዱ የኔ፣ አንዱ የባሌ ነው።»

«ግራውስ?»

«ወረቀቱን ገልብጠው!»