የጾም ነው አይደል?

ሥጋ የማይቀምስ ሰው በብዛት የሚገኘው ህንድ አገር ነው። ይህን የሰማ ጿሚ ወዳጄ «እንግዲያው አርብ ቀን የሚኬደው እዚያ ነዋ!» አለና ቦሌ አካባቢ አንድ ህንድ ምግብ ቤት ተቀጣጠርን፤ ያውም ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ። ወዳጄ ሁዳዴን 55 ቀን ዓሣ እንኳ ሳይነካ የሚዘልቅ፣ ብስኩት ሲገዛ መነጽሩን አውጥቶ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው ነው። እኔን ሐኪም ጾም ከልክሎኛል። ወዳጄ ሐኪሙን ባይጠላውም አያምነውም።

ሜኑው ላይ ከየምግቡ ስም አጠገብ ትንሽ ሳጥን፣ በሳጥኑ ውስጥ ምልክት አለች። ሥጋ ካለበት ቡናማ፣ ከሌለበት አረንጓዴ። ህንድ አገር ታሽጎ የሚሸጥ ምግብ ይህን ምልክት እንዲይዝ ሕጉ ያስገድዳል። ወዳጄ አረንጓዴውን ነጥብ በየገጹ ተረጭቶ ሲያይ ፊቱ በራ። «እነዚህ ሰዎች ፈጣሪያቸውን ይፈራሉ» አለኝ።

ይፈራሉ። ነገር ግን የነሱ ጉዳይ ከመታረድ ጋር እንጂ ከመታለብ ጋር አይደለም። ወተቱም፣ እርጎውም፣ ዐይቡም፣ ቅቤውም አረንጓዴ ነው፤ እንቁላል ግን ቡናማ ነው። ጃይኖች የሚባሉት ምእመናን ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በአፋቸው አይዞርም፤ ቅቤ ላይ ግን ችግር የለባቸውም። እኛ ዘንድ ሽንኩርት ካልተቁላላ የጾም ወጥ መቼ ተሠራና!

አስተናጋጇ፣ የኛው ልጅ፣ ደብተሯን ይዛ መጣች። ወዳጄ ግን «የኔ ልጅ፣ ባለቤቱን ጥሪልኝ» አላት። ህንድ ቤት መጥቶ በአማርኛ ማዘዝ ለሱ የመጡበትን ገንዘብ ማባከን ነው። ሥራ አስኪያጁ መጣ፤ ጎልማሳ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ህንዳዊ።

«ዲስ ዳል፣ ኖ ሚት?» አለው ወዳጄ፣ ዳል የሚሉትን የጥራጥሬ ወጥ ሜኑው ላይ እያሳየ።

«ፒውር ቬጅ፣ ሰር!»

«ኖ በተር ኦልሶ?»

ሰውየው አንገቱን ሳያዞር ጭንቅላቱን ብቻ ከትከሻ ወደ ትከሻ ዘንበል ዘንበል አደረገና ሄደ።

በንጉሡ ዘመን ከህንድ፣ በተለይ ከኬረላ፣ ብዙ መምህራን መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ያስተምሩ ነበር። ወዳጄ ሒሳብ የተማረው ከአንዱ ነው። ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ስሌቱን ሲጨርስ መምህሩ ልክ እንደዚሁ ጭንቅላታቸውን ያወዛውዙና ዝም ይላሉ፤ መልሱ ልክ ይሁን ስሕተት የሚታወቀው ፈተና ታርሞ ሲመለስ ነው። ወዳጄ ያመጣ የነበረውን ማርክ ስለማውቅ በትርጉሙ ላይ ብዙም አልተማመንኩም። እሱ ግን ኮራ ብሎ «አዎ ማለቱ ነው» አለኝ።

«አዎ ቅቤ አለው ነው? ወይስ አዎ፣ እንዳልከው የለውም?»

«አንተ ደግሞ! አዎ አዎ ነው።»

ምግቡ እስኪመጣ በመስታወቱ በኩል ወጥ ቤቱን እናያለን። ታንዱር የሚሉት ምድጃ ከሸክላ የተሠራ ነው፤ አፉ ወደ ላይ፣ እሳቱ ከታች። ጋጋሪው ድቡልቡሉን ሊጥ በመዳፉ እያቀባበለ ካሰፋው በኋላ ትራስ በመሰለ ነገር ላይ ይዘረጋዋል፤ ከዚያ ክንዱን እስከ ክርኑ እሳቱ ውስጥ ከትቶ ከምድጃው ግድግዳ ጋር ያላትመዋል። የኔ ክንድ ነው የተለበለበው። ናን የሚሉት ይህ ቂጣ አፍታ ሳይቆይ እየተኮፈሰ፣ እዚህም እዚያም እየጠቆረ ይበስላል፤ በሁለት ረጃጅም ብረቶች ላጥ አድርጎ ያወጣዋል። ይህን ሲያይ በደስታ ወንበሩን ያስጠጋው ወዳጄ ወዲያው ቀጥ አለ። ጋጋሪው ብሩሹን ከአንድ ጣሳ ነክሮ ናኑን ከዳር እስከ ዳር እየቀባው ነበር።

«ምንድን ነው የሚቀባው?»

«ዘይት ይሆናላ» አልኩ። ሐኪም የከለከለው ሰው ከዚህ በላይ ምን ይላል?

ናኑም ዳሉም መጣ። ወዳጄ አማትቦ ሲያበቃ በቀኝ እጁ ቆርሶ፣ አጥቅሶ ጎረሰ። ከዚያ በኋላ የቅመም ርስት ክርክር ተጀመረ። እርዱ የኛ። አብሹ የኛ። ድንብላሉም የኛ። ናኑ ላይ የተነሰነሰችውን ጥቁር አዝሙድ በጥፍሩ አንሥቶ እንደ ጠፋ ዘመዱ አያት። «በርበሬውንስ ከማን አገኙት?» ሲል ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ህንዶች በርበሬ ያዩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቹጋሎች አምጥተውላቸው ነው፤ ተክሉ የአሜሪካ ነው። እኛም በዚህ በኩል የምንኮራበት ርስት የለንም። ወዳጄ አሜሪካንን አንሥቼ ምሳውን ስላበላሸሁበት ገላመጠኝና «ይልቅ ዘይቱን ቅመሰው፤ ኑግ ነው መሰለኝ» አለ።

እንዴት አላወቀውም እንዳትሉ። የኛ ንጥር ቅቤ በኮረሪማና በኮሰረት ስለሚነጠር ገና ከደጅ «መጣሁ» ይላል። የነሱ ግን ብዙውን ጊዜ ያለ ቅመም ነው የሚነጠረው፤ ድምፁን አጥፍቶ ይገባል። ያዘዘው ዳል ማክኒ ደግሞ ቅቤና ክሬም ሲጠጣ የሚያድር ጥቁር ጥራጥሬ ነው። እንዲያውም ዴልሂ ውስጥ ሁለት ምግብ ቤቶች ይህን ወጥና ባለ ቅቤውን ዶሮ መጀመሪያ የሠራው የኛ ሰው ነው፣ የኛ ሰው ነው እየተባባሉ እ.ኤ.አ. በ2024 ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ ተካሰዋል። ሁለቱም የሚጠሩት እ.ኤ.አ. በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ከፔሻዋር የተሰደዱ፣ በአንድ ቤት በሽርክና የሠሩ ሰዎችን ነው። ሽርክና ቅቤ ሲገባበት ይኸው ነው።

ሳህኑ በናን ተጠርጎ ካለቀ በኋላ አስተናጋጇ ልታነሣ መጣች።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይጾሙም እንዴ? እኔማ ጿሚ መስለውኝ ነበር።»

ወዳጄ አፉን በሶፍት መጥረጉን አቆመ።

«ዳሉ ክሬም አለው፤ ናኑም በእርጎ ነው የሚቦካው። የጾም ሜኑ'ኮ ለብቻው አለን፣ በአማርኛ።» ከጠረጴዛው ጠርዝ አንድ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት መዝዛ አሳየችው። ድንች በአበባ ጎመን፣ ሽንብራ በቲማቲም፣ በውኃ ብቻ የተለወሰ ሮቲ፤ ሁሉም በዘይት።

«ታዲያ ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ?»

«በእንግሊዝኛ ስትነጋገሩ ጣልቃ መግባት ነውር መስሎኝ ነዋ።»

ሂሳብ መጣ። እኔና እሱ ሂሳብ ላይ ተከባብረን አናውቅም፤ «በሞቴ!»፣ «በእናትህ!» እየተባባልን ወረቀቷ ስትቀደድ የታየችበት ጊዜ አለ። ያን ዕለት ግን ሁለት እጁን ከጠረጴዛው ሥር አስገብቶ ቁጭ አለ።

«ጾሜን ያስፈታኸኝ አንተ፣ ሂሳብ የምከፍለው እኔ?»

ከፈልኩ። ለልጅቷ የሚሰጠውን ጉርሻ ግን ከራሱ ኪስ አወጣ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ጭንቅላቷን ሳትወዘውዝ የመለሰችለት እሷ ብቻ ናት።