ቸን የሚባል ሰው ፍለጋ

ጓንግዡ ሄዶ የነገደ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዕቃ ተጭኖ እስኪሄድ ድረስ ልብ አያርፍም። ለእህቴ ሱቅ የመጋረጃ ጨርቅ መርጬ፣ ቀብድ ከፍዬ፣ ቀሪውን ልከፍል ስመለስ ጨርቁ ከነበረበት የለም። ያነሳው የካርጎ ሠራተኛ ነው። ትቶልኝ የሄደው ደረሰኝ ላይ፣ ከደበዘዘ ቀይ ማኅተም በላይ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ ስም ብቻ አለ፤ ቸን። እኔ የማነበው ስልክም የሱቅ ቁጥርም የለውም። ሠራተኛው ደግሞ ስልኩን ዘግቷል።

በዚያ ከተማ ቸን የሚባል ሰው መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ የገበያውን ዘበኛ ስጠይቅ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ሥራውን ትቶ ከፎቅ ፎቅ ይዞኝ ዞረ። ዚፕ የሚሸጠው ቸን ነው፣ ቁልፍ የሚሸጠው ቸን ነው፣ ከጎኑ ዳንቴል የሚሸጠውም ቸን ነው፤ አንዳቸውም ጨርቄን አላዩም። ሰዎቹ ዘመዳሞች አይደሉም። ቻይና ውስጥ ብዙ ሕዝብ የያዛቸው አምስቱ የቤተሰብ ስሞች ዋንግ፣ ሊ፣ ዣንግ፣ ሊዩ እና ቸን ናቸው፤ ከአገሩ ሕዝብ ከ30 በመቶ በላይ የሚጠራው በእነዚህ ነው። ቸን ብቻውን ከ50 ሚሊዮን ሰው በላይ አለው። በአገር ደረጃ አምስተኛ ይሁን እንጂ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ቀዳሚ ይሆናል፤ እኔ በቆምኩበት በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ብዙ ሰው የሚጠራበት ስም እሱ ነው፣ ታይዋን ውስጥም ከመቶ ሰው አሥራ አንድ ያህሉ ቸን ነው።

ዘበኛው በመጨረሻ በወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፈልኝና ታክሲ አስቁሞ ለሾፌሩ ሰጠው። እኔ የመሰለኝ ወደ መጋዘን የሚልከኝ ነው። ታክሲው ግን መኪና ከሚተራመስበት ጎዳና ዳር፣ ግዙፍ በር ያለው የግራጫ ጡብ ግቢ ፊት አውርዶኝ ሄደ። የቸን ጎሣ የአባቶች ቤት ነው። መጋረጃ የለ፣ ካርቶን የለ። በጣም ተናደድኩ፤ ቀኑ እየመሸ ነው፣ የአውሮፕላን ትኬቴም ተቆርጧል። ቀና ስል ግን የጣሪያው ጫፍ ከዳር እስከ ዳር በሸክላ በተሠሩ ሰዎች፣ ቤቶችና አውሬዎች ተሞልቷል፤ ገብቼ ሳላይ መሄድ አልቻልኩም።

ቤቱ ተሠርቶ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ገንዘቡን ያዋጡት በየአውራጃው የተበተኑ፣ ቸን በሚለው ስም የተሰባሰቡ ቤተሰቦች ናቸው። ልጆቻቸው ለንጉሠ ነገሥቱ የሹመት ፈተና ወደ ከተማው ሲመጡ የሚያርፉበትና የሚያጠኑበት እንዲሆን አሰቡ። እናም ከሩቅ ገጠር የመጣ፣ ማንንም የማያውቅ ድሃ ተማሪ ስሙን ተናግሮ ይገባ ነበር። ይህን ሳስብ ንዴቴ በረደ። ፈተናው በ1905 ከነጭራሹ ቀረ፤ ቤቱ ግን ቆመ፣ ዛሬ የባህል ጥበብ ሙዚየም ነው።

ውስጥ አንዲት አረጋዊት አገኘሁ። ከሲንጋፖር የመጡ፣ እንግሊዝኛ የሚናገሩ፣ ስማቸው ታን የሆነ። ታን እና ቸን አንድ ናቸው አሉኝ፤ ፊደሉ አንድ ነው፣ አነባበቡ ግን እንደየአገሩ ነው። ቤጂንግ ቸን ያለው ሆንግ ኮንግ ሲደርስ ቻን ይሆናል፣ ከፉጂያን ወደ ሲንጋፖር በተሻገሩት አፍ ታን፣ ቬትናም ውስጥ ትራን። ከ1225 እስከ 1400 ቬትናምን የገዛው የትራን ሥርወ መንግሥት ዘሩን የሚቆጥረው ከቻይና ከፈለሱ አባቶች ነው። የፊደሉን ፍቺ ጠየቅኳቸው፤ ዘርግቶ ማሳየት፣ መደርደር ማለት ነው፣ ደግሞም የቆየ፣ የከረመ ማለት ነው አሉ። ስሙ የመጣው ግን ከፍቺው ሳይሆን ከአገር ነው።

አገሩ ዛሬ ሄናን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ሁዋይያንግ አካባቢ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ11ኛው ክፍለ ዘመን የዦው ንጉሥ የሻንግን መንግሥት ገልብጦ ሲነግሥ፣ የጥንቱ የንጉሥ ሹን ዘር ነው ለሚባል ማን ለተባለ ሰው ልጁን ዳረለትና ያንን መሬት ሰጠው። ቸን የተባለው ግዛት እንዲህ ተቋቋመ። ትንሽ ነበረ፣ በኃያላን መካከል የተጣበቀ። ኮንፊሺየስ ራሱ በስደት ዘመኑ በቸንና በጎረቤቷ በጻይ መካከል ስንቅ አልቆበት ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ተርቧል። በ478 ከክርስቶስ ልደት በፊት የቹ መንግሥት ቸንን ዋጣት፤ ከዚያ ወዲያ በካርታ ላይ አልተገኘችም። ሰዎቿ ግን የጠፋችውን አገር ስም የራሳቸው ስም አደረጉት። ከእነሱ ቀድሞ፣ በ672 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ወደ ቺ ግዛት የሸሸ አንድ የቸን መስፍን ደግሞ ነበረ፤ ዘሮቹ ቲያን በሚል ስም ታወቁና በብዙ ትውልድ ሹመት ላይ ሹመት ጨምረው የተጠጉበትን የቺ ግዛት ዙፋን ያዙ።

በዚህ ታሪክ ልቤ የተነካው በስሙ እርጅና አይደለም። አገር ጠፍቶ፣ ንጉሥ ጠፍቶ፣ ድንበር ጠፍቶ፣ የሰው ልጅ ስምን ብቻ ይዞ ሃያ አምስት መቶ ዓመት ያህል በመሻገሩ ነው። ስሙም በመንገድ ላይ በር አልዘጋም። በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሰሜን የመጡት የሺያንበይ ገዢዎች ሕዝባቸው የቻይና ስም እንዲይዝ ሲያዙ፣ ሆውሞቸን የተባለው ጎሣ ስሙን አሳጥሮ ቸን ሆነ።

በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት እየተጋፋን ያየነው ጃኪ ቻንም ከዚሁ ስም ነው፤ ግን በደም አይደለም። አባቱ የተወለደው ፋንግ ተብሎ ነው፤ በጦርነት ዘመን ስሙን ቀይሮ ቻን ሆነ፣ ልጁም ቻን ሆኖ አደገ፣ እውነቱን የሰማው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ነው። እንዲህ ባልተወለዱበት ስም አሜሪካ የገቡም ብዙ ናቸው፤ ከ1882 እስከ 1943 ቻይናውያንን የሚያግድ ሕግ ነበርና፣ በ1906 የሳን ፍራንሲስኮ መዝገብ በምድር መንቀጥቀጡ እሳት ሲቃጠል የሌላ ሰው ልጅ ነኝ ብሎ በተገዛ ወረቀት የገባ ብዙ ነው። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም በዚያ ስም ይጠራሉ። ስም ሐሰት ሆነ የሚል ካለ እኔ አልስማማም፤ ስሙ ያስጠለላቸው ስለሆነ የእነሱ ነው።

አረጋዊቷ ስለ እኛ ጠየቁኝ። የቤተሰብ ስም የለንም፣ የራሳችንን ስም ከአባት ስም ጋር እንጠራለን፣ ከሦስት ትውልድ በኋላ የአያት ስም ከመታወቂያ ይወርዳል አልኳቸው። «ታዲያ ዘመድ ዘመዱን እንዳያገባ በምን ታውቃላችሁ?» አሉኝ። እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን አልኳቸው። በእነሱ ዘንድ አንድ ስም ያላቸው ሰዎች እንዳይጋቡ ሕግ ይከለክል ነበር፤ ሺህ ኪሎ ሜትር ተራርቀው የተወለዱ ሁለት ቸኖች እንኳ። ሰባት ቤት መቁጠር ይሻላል ብዬ ነገርኳቸው፤ ዛሬም ያንኑ ነው የምለው።

ደረሰኜን ያነበቡልኝ እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን አውርደው፣ ማኅተሙን ወደ ብርሃን አዙረው፣ የሕንፃውን ስምና የሱቁን ቁጥር አወጡት፤ ስልክም ደወሉልኝ። ቀኑን ሙሉ ወንድ ስፈልግ የዋልኩት ቸን ሴት ናት። ጨርቄ መጋዘኗ ውስጥ፣ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ቀሪውን ከፍዬ ሻይ ስንጠጣ ስለ ስሟ ጠየቅኳት። ባሏ ሁዋንግ ነው፤ እሷ ግን እንደ እኛ አገር ሴቶች በአባቷ ስም ቀርታለች። ከ1980ው የጋብቻ ሕግ ጀምሮ ልጅ የእናቱንም የአባቱንም ስም መያዝ ይችላል፤ ቢሆንም በ2020 ከተወለዱት አሥራ ሁለት ልጆች በአባት ስም ሲመዘገቡ በእናት ስም የተመዘገበው አንድ ነው። የእሷ የመጀመሪያ ልጅ ሁዋንግ ነው። ሁለተኛዋን ቸን አለቻት፤ አማቶቿ ለብዙ ጊዜ አኮረፉ። በአባቷ መንደር የጎሣው የትውልድ መጽሐፍ ሲታደስ ሽማግሌዎቹ ሕፃኗን ለመጻፍ ተስማሙ። በአሮጌው መጽሐፍ ሴቶች ልጆች አይጻፉም ነበርና የእናትየው ስም የለም። እሷም ሄዳ፣ «እኔ ከሌለሁበት ልጄ ከየት መጣች ልትሉ ነው?» ብላ ተከራከረች። አሁን ሁለቱም ተጽፈዋል፤ የመጽሐፉን ገጽ በስልኳ አሳየችኝ፣ ከዚያ የካርጎውን ሒሳብ ጨረስን።