ክቡር ዲን፣ መጀመሪያ ባነሩን ያሠሩ

እንኳን ለዚህ ወንበር አበቃዎ። የተማሪዎች ዲን ሆነው ቢሮ ሲገቡ ሦስት ፋይሎች ጠረጴዛዎ ላይ ይጠብቁዎታል፦ የተማሪው ጤንነት፣ አካታችነት፣ የአካባቢ ጥበቃ። አይደንግጡ፤ ሦስቱም አንድ ባነር ላይ ይበቃሉ። አደራ፣ ባነሩ ላይ ዓመተ ምሕረት አይጻፍ። ለከርሞም ያገለግላል፤ በዚህም የአካባቢ ጥበቃው ግማሽ ሥራ አለቀ።

ቀጥሎ ዐቢይ ኮሚቴ፣ ከሥሩም ንዑሳን ኮሚቴዎች ያቋቁሙ። ዐውደ ጥናቱን ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ያድርጉት፤ ስለ ተማሪ በጥሞና መወያየት የሚቻለው ተማሪ በሌለበት ነው። ውሎ አበሉ በሰዓቱ ይከፈል፤ በየተሰብሳቢው ፊት ሁለት ሁለት ሃይላንድ ውሃ ይደርደር። ዶርም ውስጥ ውሃ ከጠፋ መሰንበቱን፣ ልጆቹም በጀሪካን እየተሸከሙ ሦስተኛ ፎቅ መውጣታቸውን የሚያነሣ ካለ «ከአጀንዳ ውጭ ነው» ይበሉት።

ራምፕ ማሠራት ግን ጥበብ ይጠይቃል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለሚያዳግታቸው ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው አዘዘ። በዓመቱ ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች። ስለዚህ «ራምፕ የለንም» ማለት አያዋጣም፤ ያሠሩ። ዳገቱ ግን የእንጦጦን ያህል ይሁን። ዝናብ ሲነካው እንዲያብለጨልጭ ልሙጥ ሴራሚክ ይልበስ፤ መደገፊያ ብረቱ «በሁለተኛው ምዕራፍ» ይገጠማል። ራምፑ ከበሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አንዲት ደረጃ ያስቀሩ። አንዲት ብቻ። እርስዎ ስልክ እያወሩ ይሻገሯታል፤ በዊልቸር የመጣው ልጅ ግን እዚያው ቆሞ የሚያነሡት አራት ጎረምሶች እስኪያልፉ ይጠብቃል። ሪፖርቱ ላይ «1 ራምፕ ተሠርቷል» ብለው ይጻፉ፤ ውሸት የለበትም። ማንም ሳይጠቀምበት መንፈቅ ሲያልፍ «ፍላጎት አልታየም» ብለው ለሌላው ሕንፃ የተያዘውን በጀት ለአጥር ቀለም ያዙሩት።

ዓይነ ስውር ተማሪዎችንም በእኩል ዓይን ይዩ። ሃንድአውቱ እንደ ማንኛውም ተማሪ ፎቶ ኮፒ ቤት ይቀመጥላቸው። ሶፍት ኮፒ ከሰጧቸው ስልካቸው ያነብላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሳይለምኑ ሊያጠኑ ነው! ለፈተና የሚመደበው አንባቢ ትምህርቱን የማያውቅ ይሁን፤ ስታትስቲክስ ላይ ሲግማ ሲያጋጥመው «ይቺ የተሰባበረች ኢ» እያለ እንዲያነብ። ተጨማሪ ሰዓት ከተጠየቁ መመሪያው እየተረቀቀ ነው።

የምክር አገልግሎት ቢሮውን ከሬጅስትራሩ ሰልፍ ፊት ለፊት ይክፈቱ፤ የሚገባና የሚወጣው በደንብ እንዲታይ። ጥበቃው የመጣውን ሁሉ ጮክ ብሎ «የጭንቀቷ ጋ ነህ?» ብሎ ይጠይቅ። የሥራ ሰዓቱ ተማሪው ክፍል ውስጥ በሚሆንበት ሰዓት ይወሰን። ቅጹ ላይ ስም፣ መታወቂያ ቁጥርና የትምህርት ክፍል ከተሞላ በኋላ «የችግሩ ዓይነት» የሚል ግማሽ መስመር ይተዉ። ይህን ሁሉ አልፎ ለገባ ፍሬሽ የሚሰጠው ምክር «አይዞህ፣ በርትተህ አጥና» ይሆናል። ጎን ለጎን ሦስት ፋይናል በአንድ ቀን ይደርደሩ። «ኤ የፈጣሪ ነው፣ ቢ የእኔ ነው» የሚሉትን መምህር በትምህርት ጥራት ስም ይሸልሙ፤ የተባረሩትን ልጆች ዝርዝር ከነሙሉ ስማቸው ሰሌዳው ላይ ይለጥፉ። ስለ ምግቡ ብዙ አይጨነቁ። የአንድ ተማሪ የቀን በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል፤ ሽሮው ከቀጠነ ጥፋቱ የገበያው ነው።

ከቤተ መጻሕፍት እስከ ሴቶች ዶርም ያለው መንገድ ይጨልም፤ ማርች 8 ሲደርስ ሴት ተማሪዎቹ «እንችላለን» የሚል ቲሸርት ለብሰው ለእንግዶች ቡና ያፈላሉ።

ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ ብሔር ከብሔር የሚሰዳደብበትን ጽሑፍ እንዳለ ይተዉት። ማን እንደጻፈውና ምን እንዳናደደው መጠየቅ ነገር መቆስቆስ ነው። ከትምህርት ሚኒስቴር እንግዳ የሚመጣ ቀን ጠዋት ቀለም ይቀባ፤ ከሰዓት የሰላም ኮንፈረንስ ተካሂዶ በአቋም መግለጫ ይዘጋ። ቀለሙ ስስ ከሆነ በሁለተኛው ሳምንት ስድቡ ከሥር ብቅ ይላል፤ ለሚቀጥለው ኮንፈረንስ በጀት ለመጠየቅ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ችግኝ መትከል ለማንም አያቅትም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ከተባለ ወዲህ በየክረምቱ መትከል ልማድ ሆኗል። ጉድጓድ በማስቆፈር አይድከሙ፤ የአምናው አለ። ችግኙን ከነጥቁር ፕላስቲኩ ያስገቡትና በሁለት እጅ አፈር እያለበሱ ካሜራውን ይዩ። በበጋ ውሃ ማጠጣት ፎቶ ላይ አያምርም፤ ይቅር። በዚያው ዕለት ለካፌው ማገዶ ጭኖ የመጣው አይሱዙ ግን በኋለኛው በር ይግባ።

ክቡር ዲን፣ ይህን ሁሉ ድካምዎን ገደል የሚከት አንድ አደጋ አለ። ሳይታዘዝ የተቃጠለ አምፖል ቀይራ የምትሄድ ፕሮክተር፣ ማታ ማታ ለዓይነ ስውር ጓደኛው መጽሐፍ በድምፅ የሚቀዳ ልጅ፣ ከራምፑ ጫፍ ያለችውን ደረጃ በአንድ ባልዲ ሲሚንቶ ሊደፍናት የሚያስብ ግንበኛ በየግቢው አይጠፉም። እንዲህ ያለ ሰው ሲያገኙ አይቆጡት፣ አይቅጡትም። የኮሚቴ አባል ያድርጉት።