ምንም አልሆነም

ከጋዘር ወደ ጂንካ የሚወርድ ሞተረኛ ቡናውንም፣ ኮረሪማውንም፣ ዶሮውንም ይጭናል፤ ቦታ ካልጠፋ ከኋላው ሁለት ሰው ያክላል። ሄልሜትም አይጠፋውም፤ ያጠለቀው ግን ክንዱ ላይ ነው። ክርኑ ከራሱ ይልቅ የሚያሳስበው ይመስላል። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲያይ ራሱ ላይ ይደፋዋል፤ ከርቭ ሲያልፍ ወደ ክንዱ ይመልሰዋል።

አንዳንዴ ሄልሜቱ እንዳጋጣሚ ራሱ ላይ እያለ ሞተሩ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል። ፍጥነት የለም፤ ሰውየው ዝርግፍ ብሎ ይወድቅና ራሱ ድንጋይ ይነካል። ይነሣል፣ ጭቃውን ያራግፋል፣ ሄልሜቱን አገላብጦ ያያል። «ምንም አልሆነም!» ይላል። በዙሪያው የተሰበሰበውም ሰው «ምንም አልሆነም» ብሎ ያጸድቅለታል።

ሆኗል እንጂ! የሄልሜት ነጩ ፎም ሥራው መጨፍለቅ ነው። የራስ ቅልን ያድን ዘንድ አንዴ ከተጨፈለቀ ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለስም። የርካሾቹ ቅርፊት ፕላስቲክ ነው፤ የውዶቹ ግን በሙጫ የተጣበቁ የፋይበር ንጣፎች ናቸው፤ ተንኮሉም ያለው እዚያ ነው። ቆርቆሮ ሲመታ ይጎደጉዳል፣ በደሉን በግልጽ ይናገራል። ፋይበር ግን ላዩ ላይ ነጥብ የምታህል ምልክት ይዞ፣ ውስጥ ውስጡን ንጣፎቹ ይላቀቃሉ፤ ስንጥቁም ወደ ጀርባው በኩል እየሰፋ ይሄዳል። ጥይት ቢሆን በስቶት ያልፋል፣ ቀዳዳውን ማንም ያየዋል። ቀስ ብሎ የመጣው ምት ግን ንጣፎቹን አጉብጦ ያላቅቃቸውና ገጹን እንደነበረ ትቶት ይሄዳል።

የአውሮፕላን ሰዎች ይህን ነገር አይቀልዱበትም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ሲረከብ፣ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ከእንዲህ ያለ የፋይበር ቅንብር የተሠራ አውሮፕላን ነበር የተቀበለው። (ጂንካ የሚያርፈው ኪው 400 አውሮፕላን በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ቢመታ ይታወቅበታል።) ከቴክኒሺያን እጅ ያመለጠች መፍቻ ወይም ጠጋ ያለ የሻንጣ መኪና፣ ዓይን የማይይዘው ጉዳት ልትተው ትችላለች። እንዲህ የተጎዳ ንጣፍ ሲጫኑት የመቋቋም አቅሙን ከግማሽ በላይ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ነዳፊዎቹ ለዓይን የሚያዳግት ጉዳት እያለበትም አውሮፕላኑ ሙሉ ሸክሙን እንዲችል አድርገው ያበጁታል። የነካው ሰውም ቶሎ እንዲናገር ይገደዳል። ከዚያ በድምፅ ሞገድ ይመረመራል፤ ቀለል ሲል ደግሞ በሳንቲም ኳ ኳ ተደርጎ ይደመጣል። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀው ይታፈናል።

ይህን የሳንቲም ምርመራ ጂንካ ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል። ቅዳሜ ገበያ የአሪ ሸክላ ሠሪዎች ማሰሮ ደርድረው ሲቀመጡ፣ ገዢዋ በጣቷ ኳ ኳ ሳታደርግ፣ ጆሮዋንም ሳታስጠጋ ብር አትፈታም። ድምፁ ደንቆር ካለ መልሳ ታስቀምጠዋለች፤ ሻጭዋ ብትምል፣ ብትገዘት ወይ ፍንክች! ወጥ የሚሠራበት ማሰሮ ነዋ።

የዚችው ገዢ ልጅ ጥቂት ራቅ ብሎ አሮጌ ሄልሜት ይገዛል። ሻጩ «ወድቆ አያውቅም» ይላል፤ ላዩ በአዲስ ቀለም ያብረቀርቃል፣ ግንባሩ ላይ የአርሴናል ስቲከር ተለጥፏል። ልጁ አይደመጥ ነገር ቀለሙን ይዳብሳል። ወድቆ የማያውቅ ከሆነ አዲስ ቀለም ምን አስፈለገው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ክርክሩ ሁሉ ስቲከሩ ከዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው ይከፈልበታል የሚል ነው።